ከጅዳ የመጣው ቀሚስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ደግሞ ልብ። ባሌ ይማም ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተነሥቶ በለጠፈው ፎቶ ሥር ሀያት ቀይ ልብ አስቀምጣለች። ባለፈው ሳምንትም አስቀምጣ ነበር። እሱ ደግሞ የሚስቅ ፊት መልሶላታል። ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

ሀያት የከላላ ልጅ ናት። ጅዳ ውስጥ ለአገር ልጆች ምግብ እየሠራች ትሸጣለች፤ ባሌም የሚበላው ከእሷ ነው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሳልጠይቀው። ሳልጠይቀው ለምን ነገረኝ? የሚደብቀው ስለሌለ ነው? ወይስ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግረኝ?

እንዲህ ስል ነው የምውለው። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለጨጓራዬ ነበር። ሲስተር መዘነችኝ፣ ደም ወሰደች፣ መረመረች፤ ምንም የለም። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ምን እያሰብኩ እንደምተኛ፣ ምን እያሰብኩ እንደምነሣ ጠየቀችኝ። ለማላውቃት ሴት ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ማሰብ ተዪ ብልሽ አትተዪም አለችኝ። ይልቅ ለሐሳብሽ ሰዓት ስጪው፤ ያለሰዓቱ ሲመጣ ቆይ በዪው። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ጻፊ፤ ያየሽውን ለብቻ፣ ያሰብሽውን ለብቻ። ስለ ክብደቴም የሆነ ነገር ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን የሀያትን ፎቶ ላሳያት ወይስ ልተወው እያልኩ ስለነበር አልሰማኋትም።

ሰዓቴን ከአስር ሶላት በኋላ አደረግሁት፤ እዚሁ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ጎን።

ያየሁት፦ አንድ ቀይ ልብ። አንድ የሚስቅ ፊት።
ያሰብኩት፦ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ። እኔ እዚህ መካነ ሰላም የሰው ሱሪ ዚፕ እቀይራለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሐሳብ ሰዓት አያከብርም። ገና የሱቁን በር ሳልከፍት መጣ። ቆይ አልኩት። አልቆየም። የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁና እንደገና መፍታት ሆነ ሥራዬ።

ልብስ ሳጥብ ቀለበቴ ወልቆ ሳፋው ውስጥ ገባ። ሳሙናው ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን በደረቅ ጣቴም ወለቀ። የጋብቻ ቀለበት በራሱ ሲወልቅ ደግ አይደለም ይባላል። ማን እንደሚለው አላውቅም፤ ምናልባት እኔው ነኝ። ከሥሩ ክር ጠምጥሜ አጠበብኩት።

አማቴ ደግሞ ምሳ ላይ የራሳቸውን ሥጋ ወደ እኔ ገፉት። ትናንትም ገፍተውልኝ ነበር። እሳቸው ሥጋ ይወዳሉ። ለምን አዘኑልኝ? ልጃቸው የነገራቸው ነገር አለ። የሰጡኝን መልሼ ወደ እሳቸው ገፋሁ፤ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ያየሁት፦ አንድ ቁራጭ ሥጋ።
ያሰብኩት፦ ሁለተኛ ሚስት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ቻልኩበት። ጠዋት መጣ፣ ቆይ አልኩት፣ ቆየ። ቀትር ላይ መጣ፣ ቆይ አልኩት፣ እያጉረመረመ ሄደ። ሰዓቱ ደርሶ ላስብ ቁጭ ስል ደንበኛ ገባች፤ ልኬቷን ወስጄ እስክሸኛት ምን ላስብ እንደነበር ጠፋኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። ይማም መስመር ላይ ነበር። ሀያትም ነበረች። ለእኔ ምንም አልመጣም።

የውስጥ ጉርዴ ላስቲክ ረግቧል። በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። ለራሴ ላስቲክ የምቀይርበት ሰዓት የለኝም፣ የምቀናበት ግን ሞልቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መሐመድ የሚባል ሰው ከጅዳ ለእረፍት መጥቶ ወደ ከላላ ሲያልፍ ሱቄ ጎራ አለ። የይማም ዕቃ አምጥቶልኛል። ለአማቴ ቴምርና ሻል፣ ለእኔ ቀሚስ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እጅጌው ላይ ጥልፍ አለው፣ ስፌቱ እንከን አይወጣለትም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ያኔ መሐመድ፣ ሀያት ናት ይዛን የዞረችው፣ የሴት ልብስ ያለ ሴት እንዴት ይገዛል አለኝ። ከዚያም ስለ ይማም፣ ስለ ስንዝር፣ ስለተሰላቸ ባለሱቅ እየሳቀ ብዙ አወራ። እኔ ግን ሀያት ያለው ላይ ቀርቻለሁ።

እሱን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ለበስኩት። ትከሻው ወረደ። ወገቡ ላይ ሁለት ጭብጥ ያስገባል። ሜትር ማውጣት አላስፈለገኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሌላ ሴት ልክ ሳይ አውቃለሁ። ሀያት ደግሞ በፎቶው ላይ ትከሻዋ ሙሉ ነው፣ ደረቷ ሙሉ ነው። ለክታው ይሆናል። ከመስታወት ፊት ቆማ፣ እንዴት ነኝ ብላው ይሆናል። እሱም አይቷት ይሆናል።

ቀናሁ። የእኔን ልክ ረስቶ የእሷን ያውቃል።

በድምፅ ላክሁለት። መጀመሪያ፣ ዕቃው ደርሷል፣ ብቻ። ሄደ። ቀጥዬ ደግሞ፣ "ይማም፣ ልብህ ካለበት ኑር። እኔን ፍታኝ።" ሁለተኛው ሳይሄድ ኔትወርክ ጠፋ። አጠገቡ ትንሽ ሰዓት ተሥሎ ቆሟል።

ዛሬ ያየሁትና ያሰብኩት ተደባልቆብኛል። አልለየሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው በሙሉ ኔትወርክ የለውም። ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ይሄዳል። የእኔ መልእክት እዚያው ነው፣ ያቺ ትንሽ ሰዓት አጠገቡ። ቶሎ ይሂድ እላለሁ። ደግሞ ባይሄድስ እላለሁ። ሄዶ፣ እሺ ፈታሁሽ ቢለኝስ? ይህን እስካሁን አላሰብኩትም ነበር። ስንቱን ሳስብ ይህ እንዴት አለፈኝ?

አማቴ ከጁምዓ በኋላ ቀሚሱን ለብሰሽ አሳዪኝ አሉኝ። ነገ አልኳቸው። ነገም አልለብሰውም። ጎረቤቴ ለእህቷ ኒካህ እንድሸጥላት ጠይቃኛለች፤ እህትየዋ ቀጭን ናት፣ እኔን ታክላለች። በእኔ ልክ አጥብቤ እሸጥላታለሁ። የሀያት ልክ ቤቴ ውስጥ አያድርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በገበያ ቀን ማልጄ ሱቅ ገባሁ። ለማጥበብ ልክ የሆነ ልብስ ከላይ ይነጠፋል፣ በጠመኔ ይሠመራል፣ ትርፉ ይቆረጣል። ለልክ ይሆነኛል ብዬ ይማምን የሸኘሁበትን ሰማያዊ ቀሚስ ከሣጥን አወጣሁ። ራሴ ለራሴ የሰፋሁት ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ አልለበስኩትም፣ ሲመጣ ብዬ። ሱቅ የምውለው በሰፊ ድርያ ነው፤ ድርያ ደግሞ ለወፍራምም ለቀጭንም አንድ ነው።

አረንጓዴውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሰማያዊውን ከላይ አነጠፍኩ። ጠመኔዬን አነሣሁ።

የምሠምርበት አጣሁ። ትከሻ ከትከሻ ገጠመ። ብብት ከብብት፣ ወገብ ከወገብ። ገልብጬ አነጠፍኩ። ያው ነው። አሁን ሜትር አወጣሁ። ለሰው ሁሉ ሜትር አወጣለሁ፣ ለዚህ ቀሚስ አላወጣሁም ነበር። ያው ነው።

ሰማያዊውን ለበስኩት። እሱም ወረደ።

ከዚያ ወደ ስልኬ ዘልዬ መልእክቱን አጠፋሁ። ሁለቴ ሳትኩ፣ በሦስተኛው ጠፋ።

ሰማያዊውን እንደለበስኩ፣ ድርያ ደርቤ ሳልሸፍነው ቤት ገባሁ። አማቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

"ልጄ፣ ካለቅሽ እኮ ከረምሽ። ብነግርሽ ይከፋሽ ብዬ ነው ከሥጋዬ የምገፋልሽ። አብሽሪ፣ ነይ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። በላሁ። እያለቀስኩ ነው የበላሁት፣ እሳቸውም ያላዩ መስለው ስለ ስንዴው አጨዳ አወሩልኝ።

ማታውን ሙሉ ግን፣ ሳላጠፋው ቀድሞ ሄዶ ቢሆንስ እያልኩ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኔትወርክ መጣ። የይማም ድምፅ ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያውን ለመክፈት ብዙ ቆየሁ።

"ፋጡማዬ፣ ዕቃው ደርሷል ብቻ? ጠበበሽ እንዴ? በስንዝሬ ነው የለካሁት፣ ትከሻሽን። ሰውነት ጨምረሽ ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ እቀይረዋለሁ።"

ሌሎቹም ያው ናቸው፤ ጠበበሽ ወይ፣ ለምን ዝም አልሽ። የፍታኝ ነገር አልደረሰውም። በስንዝሩ። እኔ ደንበኛ ስለካ እሱ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን በስንዝር እየለካ ያስቀኝ ነበር። መሐመድ ሲያወራ የነበረው ይህን ነው።

ሰፋኝ ብዬ ላክሁ። ወዲያው ደወለ። ታመሽ ነው አለኝ። በሐሳብ ነው አልኩት። የምን ሐሳብ አለኝ። ስለ ፍታኙ አልነገርኩትም፤ ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ስለ ቀዩ ልብ ግን ነገርኩት። ሳቀ። ሀያት ለሁሉም ነው ልብ የምትልከው፣ ጓደኛዬ ለዒድ የገዛውን በግ ሲለጥፍም ልካለች አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ሄጄ ፈለግሁ። እውነት ነው፣ በጉ ሥር ቀይ ልብ አለ።

በጉ ግን መልሶ አልሳቀላትም። ይህን ለነገ ሰዓቴ አቆይቼዋለሁ። ሲስተር ጋ ስመለስም መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ያኔ ያልሰማኋትን እጠይቃታለሁ።

ያየሁት፦ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ልክ።
ያሰብኩት፦ ባዶ ተውኩት።

ቀሚሱን አላጠበብኩትም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቴ መጥታ አልቆልኛል ወይ አለችኝ። የሚሸጥ አይደለም፣ የቀሚሱ ባለቤት ወደ ልኳ እስክትመለስ ነው አልኳት። ባለቤቷ ማን ናት ብላ ዙሪያዋን አየች።