በአፌ የያዝኩት እልልታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አያት ሆንኩ እኮ! ልጄ ሕይወት ሴት ልጇን ታቅፋ ዛሬ ከሐኪም ቤት ገባች። ደስታዬ ልክ የለውም፤ የሚያስፈራኝም እሱው ነው። እኔ እልል ካልኩ መስታወት ይረግፋል። ክረምት ላይ በጩኸቴ አለት ፈልጬ ጎርፍ የከበበውን ሰው አውጥቻለሁ። በጎረቤት ሰርግ እልል ስል ግን የሙሽሮቹ መኪና መስታወት ረግፎ ሚዜዋን አቆሰላት። የእኔ ድምፅ ሥራ መሆኑን ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም።

ገንፎው ቀረበ። ለሴት ልጅ ሦስቴ እልል ይባላል፤ አስጀማሪዋ ደግሞ እኔ አያቷ ነኝ። ሕፃኗ የተኛችው መስኮቱ ሥር ነው። ሴቶቹ ሁሉ እኔን እኔን ያያሉ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ዝም አልኩ።

የሕይወት አማት እትዬ ዘነበች፣ «ምነው እትዬ አስካለ፣ ሴት ስለሆነች ነው እልልታው የጠፋብዎ?» አሉኝ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ጉሮሮዬን ነዘረኝ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ብድግ ብዬ ወጣሁና ቁልቁለቱን ሮጬ፣ ሰው የማይደርስበት የተተወ የድንጋይ ካባ ገብቼ ሦስቴ አቀለጥኩት! የድንጋዩ ገደል ተናደ። እንዴት ቀለለኝ!

አቧራዬን አራግፌ ስመለስ እትዬ ዘነበች የሕፃኗን ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበስባሉ። «በኅዳር ነጎድጓድ! ሰሙት?»

«ሰማሁ» አልኩ።

ልጄ ግን እስካሁን አላናገረችኝም። ነገ እውነቱን ልነግራት ነው። ካላመነችኝስ? «እስቲ አሳዪኝ» ካለችኝስ...