ቀዩ ጨርቅ የተሰቀለ ዕለት

ጥቅምት 4

ልጄ ዛሬ ለክትትል መጣች። በምሠራበት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ሆዷ ከሷ ቀድሞ በበሩ ሲገባ አየሁት... ሳቄ አመለጠኝ። አያት ልሆን ነው። እኔ! ላየሁት ሁሉ ስነግር ዋልኩ፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣው ሰውዬ እንኳ ጉንጩን ይዞ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

አዋላጇ ግን አልሳቀችም። የእንግዴ ልጁ ታች ወርዶ የማህፀኑን በር ዘግቶታል። በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው። ሽማግሌው ሐኪም ገለል አድርጎ፣ ብዙ ደም ሊፈሳት ይችላልና ቀኗ ሳይደርስ ትልቁ ከተማ ብትሄድ ይሻላል አለኝ። እዚያ ደም የሚቀመጥበት ፍሪጅ አለ። እኛ የለንም። የኛ ፍሪጅ ሰው ነው።

ልጄ፣ ወሩ ሲጋመስ እሄዳለሁ አለች። አሁን ሂጂ ብላት እምቢ። ግትርነቷ ከማን መጣ? ከአባቷ ነው...

ጥቅምት 7

ዛሬስ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ነገሩ ከድሮ ይጀምራል። ይህ ሆስፒታል የጡብ መጋዘን ነበር። የከተማው ሰው ጠርጎ፣ ኖራ ቀብቶ፣ ከየቤቱ አልጋ አመጣ። እናቴም አመጣች። አባቴ እስኪሞት ወገቤን ባለ ቁጥር፣ "አልጋዬን ለበሽተኛ ሰጥታ እኔን በሽተኛ አደረገችኝ" ይል ነበር። ያኔ ስልክ የለም። የድንጋይ ካባው ተንዶ ሰዎች ደም ሲፈሳቸው፣ የመጀመሪያው ሐኪም የሚስቱን ቀይ የጠረጴዛ ልብስ አውጥቶ የውሃ ታንከሩ ላይ ሰቀለ። ሰው ምን ሆኑ ብሎ ሮጦ መጣ፤ ደም ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ ላይ ቀይ የታየ ቀን የቻለ ሁሉ ይመጣል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

የልብስ ማጠቢያዋ ሠራተኛ ግን ገና መቀጠሯ ነው፤ አገሯም ሌላ ነው። የተለገሰልንን ቀይ ብርድ ልብስ አጥባ ገመዱ ስለሞላባት ታንከሩ መሰላል ላይ አሰጣችው!

ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። አናጺው ሰጋቱራ እንደለበሰ። የአውቶቡስ ሹፌሩ መንገደኞቹን ትቶ። አንዷ ፀጉሯ ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ... ጥበቃችን፣ "ጥሩምባ" የምንለው፣ በዚያ ድምፁ ብርድ ልብስ መሆኑን አወጀ። አናጺው እጅጌውን እንደሰበሰበ፣ "ታዲያ እሱስ በርዶት ይሆን?" አለ። የሳቀ ሳቀ፤ የተቆጣም አለ። ሹፌሩ ሁለተኛ እንደማይመጣ ተናግሮ ሄደ። ማጠቢያዋ ስታለቅስ ዋለች... እኔ ባልስቅ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 8

ዳይሬክተሩ ሰበሰበን። ዘንድሮ ነው የመጣው። በዚህ ዘመን ጨርቅ መስቀል ያሳፍራል፤ ደም ሰጪዎችን በስልክ እንጠራለን አለ። የጥንቱን ቀይ ጨርቅ አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ስልክ የማያነሳስ ብዬ ጠየቅሁ። ማን ነው ስልክ የማያነሳ አለኝ። ጥሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ።

ጥቅምት 15

ልጄ ሻንጣዋን ዘጋች። ከነገ ወዲያ ትሄዳለች። የሕፃኑን ልብስ አጥፌ ፈታሁ፣ አጥፌ ፈታሁ።

ጥቅምት 17

ትናንት።

ረፋዱ ላይ አማቼ ልጄን ተሸክሟት ገባ። ቀሚሷ... አልጽፈውም።

ወደ ትልቁ ከተማ ትሂድ? አዋላጇ፣ መንገዱን አትችለውም አለች። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ደም ፈልጉ አለ። ዳይሬክተሩ ስልኩን ያዘ። አንዱ አያነሳም። አንዱ ማሳ ላይ ነው። አንዱ ከከተማ ወጥቷል። አንድ አስተማሪ በሩጫ ደረሰ፤ የደሙ ዓይነት አልገጠመም፤ የኔም የአማቼም እንደዚያው። ዳይሬክተሩ ስልኩን አስቀመጠ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ ጨርቁን ለጥሩምባ ሰጠው።

ቁጭ በይ አሉኝ። የት ልቀመጥ? መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የግቢው በር ይታያል። ባዶ። ታንከሩ ላይ ቀዩ ይወዛወዛል፣ በሩ ባዶ። በዚያ ሰሞን ከሥራው ተነስቶ መጥቶ የተሳቀበት ሰው ዛሬ ለምን ይመጣል? እኔ ራሴ አይደለሁም የሳቅሁት? እኔ ብሆን እመጣ ነበር?...

መጀመሪያ ክንዷን የዘረጋችው ማጠቢያዋ ናት፤ ሳሙናው ሳይደርቅ። ቀጥሎ አናጺው በበሩ ገባ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። እኔ! እሱ ግን ፊቴን አይቶ፣

"እትዬ ካርድ፣ ብርድ ልብስም ከሆነ አጣጥፈን እንመለሳለን" አለኝ።

ከኋላው መጡ። መጡ... ሹፌሩም አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞ ሲወርድ፣ መንገደኞቹ ምንድን ነው ብለው ተከትለውት ወረዱ። ኮሪደሩ ሞላ። ማንም ለማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ጥቅምት 18

ሁለቱም አሉ። ሁለቱም! ሴት ልጅ ናት።

ሐኪሙ ደሙን ለማቆም ማህፀኗን አውጥቶታል። ከእንግዲህ አትወልድም። ስትነቃ ማን ይንገራት? አማቼ አንገቱን ደፋ። እኔ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች... አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኋላ፣ "እስቲ አምጫት" አለች። አመጣኋት።

ጥቅምት 25

ቤት ገብተዋል። ሕፃኗ ስታለቅስ ጥሩምባ መጣ እንላለን። ልጄ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስፌቷን ይዛ።

የላቦራቶሪውን ባለሙያ ለመንኩት፦ ለልጄ የገባው የማን የማን ደም ነው? አይነገርም አለኝ። እናቷ እኮ ነኝ ብለው፣ "ለዚያ ነው የማይነገርሽ፤ ከተማውን በሙሉ ስትስሚ ትውያለሽ" አለ።

ዛሬ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ አንዲት ሴትዮ እኔን ገፋ አድርጋ ፊቴ ገባች። ምላሴን አገር ያውቀዋል። አፌን ከፈትኩ... ቢሆንስ? ደሙ የሷ ቢሆንስ? ዘጋሁት። ዳቦ ሻጩ አሞሻል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ሴትዮዋ ዳቦዋን ታቅፋ ስትወጣ ክንዷን አየሁት። ሹራብ ለብሳለች። ምንም አይታይም።