በሰማዩ ባቡር ውስጥ ያየሁት

ይድረስ ለዘይነብዬ፣ ለቤቴ ማገር፤

መምህራችን ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብላ አስተምራናለች። ያንቺን ጤና እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ ግን አላስተማረችንም። ስለዚህ አሏህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ኑር፣ ብርሃን ያድርግልሽ ብዬ እጀምራለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አዎ፣ እኔ ሰይድ፣ ያ የቀበሌ ወረቀት በመጣ ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ እያልኩ የምሸሸው ባልሽ። መነጽር ኖሮኝ እንደማያውቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከተለያየን አምስት ዓመት አልፎ ስድስተኛውን ይዘናል። በማታው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ክፍሉ ሰባት ሰው መሆኑን፣ ከሰባቱም ሦስቱ ሰሌዳው የማይታያቸው መሆኑን ለሌላ ሰው አልናገርም። ላንቺ ግን ውሸት ትቻለሁ፤ ለምን እንደተውኩ ታች ትደርሽበታለሽ። ሁለተኛ የወጣው አስፋው ነው፣ ያው አብሮኝ አሣ የሚያጠምደው የመረብ ጓደኛዬ። አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ለማን ነው አለኝ። ለዘይነብ ስለው፣ «ፖስታ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለ። ሁለተኛ ለወጣ ተማሪ አይነገርም አልኩት።

አንቺ ካለፍሽ በኋላ የመጣው ጦርነት የቤታችንን በር ወስዶብናል። በሩን ነቅለው ሄዱ፣ ግድግዳው ቀረ። አሁን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር አስገብቼበታለሁ፣ ትወጂው ነበር። ከጓሮ የተከልሽው ማንጎ አፍርቷል። ታንኳዋም ሐይቁ ላይ አለች፣ ትንሽ ታፈስሳለች፣ እኔም እንደሷ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐኪም ቤት ተኝተሽ ሳለ የሰጠሽኝን ወረቀት ታስታውሻለሽ። አራት ዓመት ዓረብ አገር ሠርተሽ፣ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ በየአደባባዩ በሚዘምርበት ሰሞን ተመለስሽልኝ፤ ዓመት ሳንጠግብ ታመምሽ። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፈሽ እጄ ላይ አኑረሽ፣ «ማንም እንዳያነብልህ፣ አንተው ተምረህ አንብበው» አልሽኝ። እሺ አልኩ። እንደ ልማዴ እሺ ብዬ ተኛሁበት።

ኋላ ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ሰው ያለውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ እኔ ወረቀትሽን በላስቲክ ጠቅልዬ ሽርጤ ውስጥ ቋጠርኩት። መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ አስቆመኝና አገኘው። ምንድነው አለኝ። የሚስቴ ደብዳቤ ነው አልኩ። ምን ይላል? አላውቅም፣ ማንበብ አልችልም። «የማታውቀውን ወረቀት ደብቀህ ትሄዳለህ? አምጣ እኔ ላንብበው» ብሎ መግለጥ ጀመረ። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል ደፍሬ አላውቅም፣ እጁን ያዝኩት። «ልጄ፣ እኔ ያላነበብኩትን የሚስቴን ቃል አንተ አታነብም፤ ካሻህ ቅደደው» አልኩ። አየኝ። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝና፣ «አባቴ፣ ቶሎ ተማር» አለኝ። የማን ወገን እንደነበረ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰላም ሲሆን የማታው ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ወረቀትሽን ለማንበብ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሐይቁ ዳር፣ ታንኳዋ ውስጥ ተቀምጬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። እንዲህ ይላል፦

«ሰይዴ፣ ራስህ እንደምታነበው አውቃለሁ። እዚያ አገር የማዳምን ልጆች ጫማና ቦርሳ ይዤ የሰማዩ ባቡር በሚሉት የመዝናኛ ጨዋታ በር ላይ አራት ዓመት ቆምኩ። ውስጥ ሲጮሁ እሰማለሁ። ሲወጡ ይስቃሉ። ውስጡ ምን አለ ስላቸው ኮከብ ይሉኛል፣ እንዴት ያለ ኮከብ እንደሆነ አይነግሩኝም። አንድ ቀን እግርህ ከደረሰ ግባና አይተህ ንገረኝ። ዓይንህን ግን እንዳትጨፍን። በውጫሌ መንገድ ጋቢ ውስጥ እንዳልተኛህ ለማንም አልተናገርኩም።»

የመጨረሻውን መስመር ሳነብ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከዳክዬ በቀር የሰማ የለም።

ለካ ታውቂ ኖሯል። በተጋባን በሁለተኛው ወር አውቶቡስ ተሳፍረን ውጫሌ ስንሄድ፣ መጠምዘዣው ላይ ገደሉን ላለማየት ጋቢዬን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ። ማንኮራፋትም ጨመርኩበት፤ ጥሩ አድርጌ ያንኮራፋሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ በጋቢው ሥር እጄን ያዝሽ። እጄ በላብ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ በሄድን ቁጥር እንቅልፌ ይመጣ ነበር፣ አንቺም ለተሳፋሪው «ማታ አሣ ሲያወጣ አድሮ ነው» ትይልኝ ነበር።

ልጃችን ሐያት አድጋለች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እሷም ዓረብ አገር ሄደች፣ ነገር ግን ማዳም ቤት አልገባችም። ያንን ትልቅ ጣሪያ ያለው መዝናኛ፣ ያንን ያንቺን በር ፈልጋ አገኘችው። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ ሆነች። አሁን ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሳ፣ ደረቷ ላይ የብር ኮከብ አድርጋ፣ ሰው ሲሳፈር ብረቱን የምትዘጋው እሷ ናት። አንቺ ጫማ ይዘሽ የቆምሽበት በር ላይ አሁን ልጅሽ አዛዥ ናት፤ እሷ እሺ ካላለች ባቡሩ አይነሳም። ይህን ለሐይቅ ገበያ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ለአንዳንዱ ሁለት ጊዜ።

የጉብኝት ቪዛ ላከችልኝ። ቦሌ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ድምፅ እያወጣሁ አነበብኩ፣ መጸዳጃ ቤቱንም አልተውኩም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፊደል አልማርኩትም፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

መዝናኛው የሐይቅን ገበያ ሁለት ጊዜ ያህላል፤ ሁሉም በጣሪያ ሥር ነው። ውጭ ፀሐዩ ይፈጃል፣ ውስጡ እንደ አምባሰል ነፋስ ይበርዳል። ሐያት በሠራተኛ በር አስገባችኝ። ሁለት ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ነው። እኔን አስቀምጣ ብረቱን ዘጋች፣ ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበርም ዘጋችው። ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ ባዶ ነው ብሎ ሊገባ ሲል በዓረብኛ አንድ ቃል ተናግራ መለሰችው። ምን አልሽው ስላት፣ «ተይዟል አልኩት፣ አባዬ» አለችኝ። ወረቀትሽ በሸሚዜ ኪስ፣ በቁልፍ ተዘግቶበት ነበር።

ተነሳን። ጨለማ ነው፤ ባቡሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ሐዲዱ ይንቀጫቀጫል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አነሳ። በኛ አገር ጀማዓው አንድ ላይ እጁን ካነሳ ዱዓ ነው፤ ዱዓ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌው ዝም አይልም። ከመሃላቸው ሽበት ያለኝ እኔ ነኝ። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «ያ ረቢ መንገዳችንን አቅናው፣ ያስጀመርከንን አስጨርሰን» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዱዓ አስደረግሁ። አሚን የሚል ጠፋ። ሁሉም መጮህ ጀመረ። ምን ዓይነት ጀማዓ ነው ይሄ እያልኩ ሳለ መሬቱ ከሥሬ ሄደ። ከኋላዬ አንዲት ባልቴት ብቻ አሚን አለችልኝ፣ አሏህ ጀነትን ይስጣት። ዓይኔን ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም።

መውጫው ላይ ፎቶ ያሳያሉ። ሁሉም አፉን ከፍቶ እጁን ሰቅሏል፤ በመሃል እኔ መዳፌን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ትልቅ ሼህ ረግቻለሁ። ሐያት ሳቋ አላስቆም ብሏት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋን ጠርጋ፣ «እሺ አባዬ፣ ውስጡ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ዘይነብዬ፣ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ኮከቡማ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ይኸን ያህል ትልቅ ልላት አፌን ከፈትኩ። ለአስፋው ቢሆን እለው ነበር። ለቀበሌውም እለው ነበር። ግን ጥያቄው የሷ አይደለም፣ ያንቺ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጋቢዬ ሥር ያለውን የምታውቂ ሰው ነሽ። «አላየሁም» አልኳት። «ፈርቼ ጨፍኜ ነበር።» ይህን ቃል በዕድሜዬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አልሳቀችብኝም። ከአውራ ጣቴ በኩል እጄን ያዘች፣ ልክ ባንቺ አያያዝ። «ና በል ተነስ፣ የሦስት ደቂቃ ነገር ነው» ብላ መልሳ ወሰደችኝ።

በሁለተኛው ዙር ዱዓዬን በር ላይ ጨርሼ ገባሁ። ብረቱን ጨበጥኩ፣ ዓይኔን እንደ አሣ አፈጠጥኩ። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ኮከቦቹ ጥቁር ጣሪያ ላይ የተተከሉ ትናንሽ አምፖሎች ናቸው። አንዳንዱ ተቃጥሏል። በቀኝ በኩል የመስጊድ ጉልላት የሚያህል ቀለበት ያጠለቀ ክብ ዓለም፣ ፕላኔት የሚሉት፣ ይሽከረከራል፣ ሽቦውም ይታያል። እስከዚህ ድረስ ምንም አልቀረብሽም። ከጫፉ ስንወርድ ግን ወለሉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ያ ሁሉ ኮከብ ከታችም አለ። ከላይ ኮከብ፣ ከታች ኮከብ፣ እኛ በመሃል። ያን ጊዜ አወቅሁት። ሐያትን ያረገዝሽ ጊዜ፣ ካልወሰድከኝ ብለሽ፣ ሳይነጋ መረብ ላነሳ ስሄድ ታንኳዋ ውስጥ የገባሽበት ቀን ነው። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። እጅሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ፣ ኮከብ ጨለፍኩ ብለሽ ፊቴ ላይ ረጨሽኝ። ያንን ነው ያየሁት፣ ዘይነብዬ፣ ሩጫ ተጨምሮበት። አንቺ ገብተሽበት ኖሯል። ያኔ ሆድሽ ውስጥ የነበረችው ናት አሁን በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀን።

ጮህኩ። እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ «አየሁት!» ነው ያልኩት። ስወጣ ሐያት ከሩቅ እያጨበጨበች ነበር፣ እኔም ጀግና ተብሎ እንደተመረቀ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ሰፈሩ ሰይድ ሰማይ ላይ ዱዓ አስደርጎ መጣ ይላል፣ እኔም አላስተባብልም። ሁለተኛውን፣ ዓይኔ የፈጠጠበትን፣ ከወረቀትሽ ጋር በዚያው ላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጨዋለሁ፤ እሱ ያንቺ ነው።

ያለፈው ገበያ ቀን ጠዋት ተነስቼ የውጫሌን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አስፋው ውጫሌ ምን አለህ ቢለኝ ጉዳይ አለኝ አልኩት። ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና በመስኮቱ በኩል፣ ባንቺ ቦታ ተቀመጥኩ። መጠምዘዣው መጣ። ገደሉ ተገለጠ፣ ከታች እርሻው፣ የቤቱ ጭስ፣ ከማዶ የአምባሰል ተራራ ጥላውን ጥሎ። እንዴት ያምራል። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ስታይው ኖረሽ አንድ ቀን እንኳ «ተነስና እይ» ሳትይኝ፣ እንዳላፍር ብለሽ፣ አስተኛሽኝ።

ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ጋቢዬ ጭኔ ላይ ነው። እኔ አያለሁ፣ አንቺ ተኚ።

ባልሽ ሰይድ፣
በገዛ እጁ