ቦርሳዬ ውስጥ የጮኸው አውራ ዶሮ

ታዴዬ፣ የኔ ሆድ፣

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ናቸው የቀሩት። እኔ ግን አሁንም ከሥራ ስገባ በሩን የምከፍተው እንዳልቀሰቅስህ ቀስ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ፈርቼ ነው። ምኑን እንደፈራሁ ስትሰማ ትስቅብኛለህ፤ ግድ የለም፣ ሳቅ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መኪናህን ሊያ ወስዳታለች፤ ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲዋ የምትመላለሰው በሷ ነው። ፌርፋክስ፣ ሐበሻው ሰፈር፣ ፓርኪንግ ስታጣ አንተ ትሳደበው የነበረውን ስድብ በአማርኛ አንድም ሳታስቀር ታወርደዋለች። አንተ ደግሞ ልጄ አማርኛ አልያዘላትም እያልክ ትቆጭ ነበር! እኔ ግሌንዴል ያሉትን አሮጊት መንከባከቤን ቀጥያለሁ። አልጋው ላይ አሁንም በወገኔ በኩል ብቻ ነው የምተኛው።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ስዊዘርላንድ ሄጄ መጣሁ። አዎ፣ እኔ! ሊፍት ፈርታ በደረጃ የምትወጣው ሚስትህ። እዚያ ያሉት ግርማና ሚስቱ አስቴር በየዓመቱ ኑ እያሉ ሲጨቀጭቁህ ለሚቀጥለው ሰመር እያልክ አንድም ቀን ሳትሄድ ቀረህ። እኔ የሄድኩት ግን ለሽርሽር አልነበረም፤ መርዶህን ይዤ ነው።

አንተ ባረፍክበት ሳምንት ግርማ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል ነበር። አስቴር በስልክ እያለቀሰች ለመነችኝ፤ ሐኪሞቹ ድንጋጤ አይንካው ስላሉ እስኪያገግም አይስማ አለችኝ። እሺ አልኳት። መርዶ እንደሆነ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ዙሪያውን ከቦ ነው የሚያረዳው። ግን የእሑድ መልእክታችሁ ምን ይሁን? ካርቱም አንድ ፍራሽ ላይ ያደራችሁ ሰዎች፣ እሱ እዚያ አንተ እዚህ ከገባችሁ ወዲህ እሑድን ሳትነጋገሩ አሳልፋችሁ አታውቁም። አስቴር ዘዴ አመጣች። ታደሰ ጉሮሮውን ታክሞ እንዳይናገር ተከልክሏል አለችው። እኔ ደግሞ በአንተ ስልክ፣ በአንተ ስም፣ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እያልኩ እጽፍለት ጀመር።

ታዴዬ፣ አንዲት ሴት በሞተ ባሏ ስም «ደህና ነኝ» ብላ ስትጽፍ ስንት ጊዜ ጽፋ እንደምታጠፋ አታውቅም። ያ የስልክህ የአውራ ዶሮ ድምፅ! የካርቱሙ ጎረቤታችሁ ዶሮ እንቅልፍ ይነሳችሁ ስለነበር ለቀልድ ሁለታችሁም ለመልእክት ያደረጋችሁት። በጮኸ ቁጥር ክው እል ነበር። ሊያ «ማሚ፣ ይሄ ነገር ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል፤ ለምን ጀስት አንነግረውም?» ትለኝ ነበር። እዚህ ባዕድ አገር የተወለደ ልጅ መርዶን ከየት ያውቀዋል ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ዘንድሮ ሰመር ሲገባ ሐኪሙ ግርማ ጠንክሯል አለ። አስቴር ቀኑን ቆረጠች። ቅዳሜ ማለዳ ቄሱና የከተማው ሐበሾች መጥተው ሊያረዱት፣ እኔና ሊያም ለዕረፍት የመጣን መስለን አስቀድመን ልንገኝ። አንተን አውሮፕላን ሐኪም ከልክሎሃል ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ከላዬ ያልወረደውን ጥቁር አውልቄ የሊያን ቢጫ ሹራብ ለበስኩ። ገላዬ ላይ እሾህ ሆነብኝ። ግርማ ባቡር ጣቢያው ላይ አበባ ይዞ ተቀብሎኝ «አልሚ፣ ቢጫ እንዴት ያምርብሻል!» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አርብ ዕለት አስቴር ለነገው ሰው ወጥ ልትሠራ ስለሆነ ግርማን ከቤት ማራቅ ነበረብን። እሱም ለአንተ ሲያስቀምጠው የኖረውን ተራራ ላሳያችሁ አለ። ወደ ተራራው የሚወጣው በኬብል ካር ነው፤ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለች መስታወት የሆነች ሳጥን። ከሊፍት የባሰች! ግን ግርማ እንዳይጠረጥር የምፈራው ስለበለጠብኝ ገባሁ። እሱ፣ እኔና ሊያ ብቻ ነበርን። ከሥራችን መስኩ ላይ የሚግጡት ላሞች እያነሱ ሄደው ጠፉ፣ ከዚያ ጉም ዋጠን። መሀል ላይ ስንደርስ ሳጥኗ ተንገጫገጨችና ቆመች።

ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የመቀመጫውን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ማርያም ማርያም እላለሁ። ግርማ ግን ሁሌም ይቆማል፣ አሁን ይነሳል እያለ ይስቃል። ስልኩን አወጣና ይቀርጸኝ ጀመር። «ታዴ፣ ሚስትህን እያት፤ ስዊዝ ድረስ መጥታ ዓይኗን ጨፍና ልትመለስ ነው!» አለና ላከልህ።

ቦርሳዬ ውስጥ አውራ ዶሮው ጮኸ።

ድምፁን ማጥፋት ረስቼ ነበር፣ ታዴዬ። ስልክህን ይዤ የመጣሁት እስከ ቅዳሜ ድረስ መልስ እንዳይጠፋበት ብዬ ነው። ግርማ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ቦርሳዬን አየ፣ የራሱን ስልክ አየ። ጠዋት ከአንተ «ደህና ዋሉ» የሚል መልስ ደርሶት ነበር፤ ስልክህ ግን እኔ ዘንድ ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ሲደርቅ አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«መቼ?» አለኝ።

እንደዚያ ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። አንተ ሆስፒታል እጄን ለቀህ ያሸለብክ ዕለት እንኳን እንዲህ አልፈራሁም። ሁለተኛውን ሰው በእጄ ልገድል ነው አልኩ። ሐኪም የለም፣ ቄስ የለም፣ አስቴር የለችም፤ ግራ ቀኙ ጉም ነው። ሰው ሲረዳ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ሰው ያነሳዋል። ለግርማ ግን የሚወድቅበት መሬት እንኳን አልነበረም። ሊያ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። «ጋሼ፣ ብሪዝ አድርግ፣ ተንፍስ፣ ኦኬ? ቀስ ብለህ። ከኔ ጋር» አለችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ነገርኩት። እንዴት እንደታመምክ፣ የት እንደቀበርንህ፣ እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት።

«ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሊያ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ያን ጊዜ ቀብርህ ላይ እንባ ያልወጣት ልጅህም አብራው አለቀሰች። እኔ ትንፋሹን እየቆጠርኩ ማልቀስ እንኳን አቃተኝ። ሳጥኗ መቼ እንደተነሳች አላወቅሁም።

ከላይ ስንደርስ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ግርማ ፊቱን ታጠበና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «አስቴር እንዳታውቅ» አለኝ። «ይሄን ሁሉ ወር ከእኔ ስትደብቅ አልቃለች። ነገ እነሱ ይንገሩኝ።»

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገብተው ከበቡት፤ ቄሱ ተናገሩ። ግርማ ጆሮው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው ሁሉ መሬት ላይ ወደቀ፤ እነሱም አነሱት። ታዴዬ፣ የውሸት አልነበረም። ተራራው ላይ ያጣውን መሬት ነው ያገኘው። እኔም ቢጫውን ሹራብ ወርውሬ፣ ጥቁሬን ለብሼ፣ ከጎኑ ተቀምጬ እንደ አዲስ አለቀስኩህ።

አሁን ቤታችን ነኝ። ባለፈው እሑድ ዶሮው ጮኸ። ደነገጥኩ፤ ፈርቼ ሳልከፍተው ዋልኩ። ማታ ከሊያ ጋር ከፈትነው። ግርማ ነው፣ በድምፁ። «ታዴ፣ እንዳትመልስልኝ። እሑድ ስለሆነ ነው» ይልሃል። ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ልቡ ያወራልሃል። እኔም አልመለስኩለትም። በስምህ ሁለተኛ አንዲት ቃል አልጽፍም።

ሙት ዓመትህ ሲያልፍ ጥቁሩን አወልቃለሁ፤ ስልክህን ግን አላጠፋም። ቅዳሜ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ እሑድ አንተ ትተኛበት በነበረው ወገን አስቀምጬ የመጣልህን አሰማሃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይሄን አላስቀርብህም። ዶሮው በጮኸ ቁጥር አሁንም ልቤ ይሰነጠቃል፤ ይሰንጠቅ ግድ የለም። አሁን የምፈራው ሳይጮህ የሚውለውን እሑድ ነው።

አልማዝህ