የመቂ ሰዎች በማለዳ የመጡ ዕለት

ውድ ሲስተር ኤቢሴ፣

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል። ከካንሰር መድኃኒት መስጫው ክፍል ያስነሳሁሽ እኔ አይደለሁም። «ያቺ ግትር አሮጊት አስተማሪ ከሳ አስነሳቻት» እየተባለ እንደሚወራ የነገረችኝ ፈውዚያ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ወንበር የምትቀመጠው፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትነግደው፣ መርፌ ሲገባባት እንኳ ቀልድ የማታቋርጠው ፈውዚያ። «እትዬ ወለተሥላሴ፣ ያባረሯት እርስዎ ነዎት አሉ፤ እኔ ግን አላመንኩም። እርስዎ ቢሆኑ መጀመሪያ ቀይ እስክሪብቶ ያወጡ ነበር» አለችኝ። ግትር መባሌን አልቃወምም፤ አሮጊትም ነኝ። ከሳሽ ግን አይደለሁም።

ወሬው ከየት እንደበቀለ አውቃለሁ። ያን ዕለት ወደ ነርሶቹ አለቃ፣ ወደ ሜትረኗ ቢሮ ስገባ ሰው አይቶኛል። የገባሁት አብሮን የሚታከመው የመቂው የአቶ ጀቤሳ ወንድም ደገፋ ጠረጴዛ እየደበደበ ስላንቺ የሚናገረውን ከኮሪደሩ ሰምቼ ነው። «ወንድሜ፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር» አልኩት።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ሲሆን ያየሁ ሰው ነኝ። አንተ ከበሩ ውጭ ነበርክ።»

ሜትረኗ ሁለታችንንም አስወጥታ፣ ነገሩ እስኪጣራ ካርድ ክፍል እንድትቆዪ ወሰነች። አሁን ተጣርቷል። አቶ ጀቤሳ ራሱ ገብቶ መስክሮልሻል፤ ወደ ቦታሽ እንድትመለሺም ተነግሮሻል። አንቺ ግን «አልመለስም» ብለሽ፣ ላንጋኖ በሚገኝ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሥራ ልትይዢ መሆኑን ሰማሁ። ስልክ ስደውል አታነሺም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ፈውዚያ ታደርስልሻለች። የምጽፈው እንድትመለሺ ልጠይቅሽ ነው። ልመና አይሆንልኝም፤ ምክንያቴን ግን አንድ በአንድ ማስረዳት እችላለሁ።

ስንተዋወቅ አልወደድኩሽም። በርጩማ ጎትተሽ ጉልበትሽ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ ቀርበሽ ተቀመጥሽ። እኔ ባደግሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ታናሽ ሰው ታላቁ ፊት የሚቀመጠው «ተቀመጪ» ሲባል ብቻ ነበር። ደግሞ ሰላምታሽ ሰላምታ አልነበረም።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት አልልዎትም። ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ብለው ያሰናብቱኛል። ትናንት ከአልጋዎ ከወረዱ ጀምሮ ያለውን ይንገሩኝ።»

«ሥራ የለሽም?»

«ይኸው እየሠራሁ ነው።»

በአጭሩ ነገርኩሽ። ስጨርስ «አሁን እኔ ልድገመው፤ ያጎደልኩትን ያርሙኝ» አልሽ። ይህ ደስ አለኝ፤ ማረም እንጀራዬ ነበር። ደገምሽው፤ «ተነሱ፣ ፊትዎን ታጠቡ፣ በግቢው ዞር ዞር አሉ፣ ምሳ አልበሉም።»

«አልበላሁም አላልኩም። ምሳ ቀረበልኝ ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ቀረበልዎት። ከዚያስ?»

ኤቢሴ፣ የስንቱን ልጅ ድርሰት ሳርም በደብተሩ ጠርዝ ላይ «ከዚያስ?» እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌ ውስጡ ተልጦ ጉርሻ መዋጥ እንዳቃተኝ፣ ምግቡን ለጎረቤት ውሻ እንደሰጠሁ የነገርኩሽ ያኔ ነው። ለሐኪሙ ነግረሽ በዚያው ዕለት የአፍ መጉመጥመጫ አስመጣሽልኝ። በሳምንቱ ሽሮ በላሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ሕመምዎን ለማን ነገሩ?» አልሽኝ።

«ለማንም።»

«ሁሩታ እህት አለችኝ ብለውኝ ነበር።»

«አረጋሽ ደም ማነስ ነው ብላ ነው የምታውቀው። እሷ ድንጉጥ ናት።»

አልመከርሽኝም፤ አልተቆጣሽኝም። «እርስዎ ሲዘጋጁ» ብለሽ ተነሳሽ። ያ ቃል እስካሁን አብሮኝ ተቀምጧል።

አሁን ወደ አቶ ጀቤሳ ልምጣ። ሽንኩርት ሲያለማ የኖረ ጠንካራ ገበሬ ነው። ቤተሰቦቹ ግን የሚሰጠው መድኃኒት ደም የሚያጥብ ነው ብለውት፣ ከእሱ በቀር ክፍሉ በሙሉ እውነቱን እያወቀ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ሁላችንም በተሰበሰብንበት «ሲስተር፣ ደም የሚያጥብ መድኃኒት ጢሜን ለምን ይነቅላል?» አለሽ። አልዋሸሽውም። እዚያው አፍርጠሽም አልነገርሽውም። «አባባ፣ መልሱን ብቻዎን ሆነው እንዲሰሙ አልፈልግም። የሚያከብሯቸውን ሰዎች ልጥራ?» አልሽው፤ «ጥሪ» አለሽ። ደገፋ «የበሽታውን ስም እንዳትጠሩበት» ብሎ ቢቃወምም፣ አንቺ መቂ ደውለሽ ሽማግሌዎቹ አብረው እንዲመጡ ለመንሽ።

የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ነገር ግን አንቺ ደም ሥር እየፈለግሽ ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ ነበር፤ እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ስለዚህ ልድገምልሽ፤ ያጎደልኩትን ታርሚኛለሽ።

በሩ እንደተከፈተ ገቡ። ጎህ ሳይቀድ ከመቂ የተነሱ ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ አንዳቸውም «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ ሳይሉ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዛለች። የአቶ ጀቤሳን ወንበር ከበው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ መሬት መሬት አየ። በዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን አመጣጥ ያውቀዋል። በማለዳ፣ በቡድን፣ ያለ ሰላምታ የሚመጣ ሰው የያዘው መርዶ ነው፤ ውኃውም ራሱን ለሚስተው ሰው ነው።

አቶ ጀቤሳ አንድ በአንድ አያቸው። ልጁ ገላና በአይሱዙ ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ እንደሚመላለስ ታውቂያለሽ።

«ገላና!» ብሎ ጮኸ። «ገላና ኮ! የእኔ ገላና! የት ላይ ነው የተገለበጠው?»

ክንዱን ሲነጥቅሽ መርፌው ወጣ፤ ጋውንሽ ላይ ደም ፈሰሰ፤ የጉሉኮስ መስቀያው ወደቀ። ውኃ የያዘችው ሴት ደንግጣ ረጨች፤ ግማሹ ያረፈው ፈውዚያ ላይ ነው። «እኔን ምን ሁኚ ነው የምትሉኝ? የእኔ ሰው ነው የሞተው?» ትላለች ከወዲያ።

«ጀቤሳ፣ ዝም በል!» አለ ትልቁ ሽማግሌ። «ገላና ደህና ነው። ያመጣን እሱ ነው፤ መኪና እያቆመ ነው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?»

ከዚያ ሁሉ ጋቢ ለባሽ መሀል የተናገርሽው አንቺ ነሽ። ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዝሽ ተንበርክከሽ «አባባ፣ የታመሙት እርስዎ ነዎት። በሽታው ካንሰር ነው። መድኃኒቱም የእሱ ነው» አልሽው።

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ብቻ?»

«እርስዎ ብቻ።»

«ገለኒ ዋቃፍ!» አለ፤ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ሳቀ። እንባው በተመለጠ ጉንጩ ላይ እየወረደ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች ልትገድሉኝ ነበር እኮ! ይህቺን ለመናገር ጋቢ ያስለብሳል?» ገላና ሲገባ አባቱ ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞ ረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ደገፋ ግን ከውጭ የሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሜትረኗ ሮጠ።

«ሰው በድንጋጤ ልገድል ነበር፤ እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» ብለሽ ለፈውዚያ ነግረሻታል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ስህተት አልነበረም ግን አልልም፤ ነበር። ማን እንዲመጣ ነገርሽ፤ እንዴት እንዲመጡ ግን አልነገርሽም። ሰዎቹ የሚያውቁት ከባድ ወሬ የሚነገርበትን አንድ መንገድ ነው፤ በዚያው መጡ። እኛ ለሞተ ሰው ወሬ ሥርዓት አለን፤ ሰዓቱ፣ አለባበሱ፣ ውኃው ሳይቀር የታወቀ ነው። ለታመመ፣ ገና ለሚኖር ሰው የሚሆን ሥርዓት የለንም፤ ወይ እንዋሻለን፣ ወይ እናረዳለን። አንቺ ሦስተኛ መንገድ ጀመርሽ። የጎደለው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ማንም ጉሮሮውን ሳይጠርግ «ሁሉም ደህና ነው» መባል ነበረበት። እኔ መግቢያው የተበላሸ ድርሰት አስደግሜ አስጽፋለሁ እንጂ ተማሪዋን ከትምህርት ቤት አላስወጣም።

ይህ ለማጽናናት ያልኩት እንዳይመስልሽ፣ አንቺ ከሄድሽ የሆነውን ስሚ።

በቦታሽ የመጣው ታጠቅ ደግ ልጅ ነው። ደም ሥር በማግኘት ከአንቺ ይበልጣል፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። በርጩማሽን ግን ጥግ አስቀመጣት፤ መተላለፊያ ትዘጋለች ብሎ። ባለፈው ሰኞ ሊዲ የምትባል የወንጂ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ መጣች፤ አባቷ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኛ ነው። ታጠቅ «ደህና ሰነበትሽ?» አላት። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ሙቀቷን ለካ፤ ምንም የለም። የደም ውጤቷንም አየ፤ ደህና ነው፤ ከቀናት በፊት የተመረመረ ነበር። መድኃኒቱን ሊያዘጋጅ ሄደ።

አቶ ጀቤሳ ከወዲያ ማዶ ሆኖ «ልጄ፣ ትናንት ከመኝታሽ ከተነሳሽ ጀምሮ ያለውን ንገሪን» አላት። ያንቺኑ ቃል።

ሳቀች፤ ነገረችን። ቀን ልብስ ማጠቧን፣ ማታ ብርድ ብርድ ብሏት ብርድ ልብስ መደራረቧን፣ ከዚያ ላብ አጥምቋት መንጋቱን፣ እናቷ «የወንጂ ወባ ነው፣ ያልፋል» ማለቷን። ስትጨርስ እኔ ደገምኩላት። «ላብ አጠመቀሽ» ስል ታጠቅ መድኃኒቱን ይዞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ እዚያው ቆመ። ሐኪም ተጠራ፣ ደሟ እንደገና ተመረመረ፤ በሽታ የሚከላከለው የደም ሴሏ ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱ ቀርቶ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ «ዛሬ ብትወስደው ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ታጠቅ በኋላ እኔ ዘንድ መጣ። «እትዬ፣ ጠይቄያት ነበር እኮ።»

«ጠይቀሃት ነበር፤ መልሱ ግን ጥያቄህ ሳይመጣ የተዘጋጀ ነው። እናቷ ጡት ስታጠባት ያስተማረቻት መልስ ነው።»

ፊቱን ቅጭም አደረገና «ሲስተር ኤቢሴ ለምን አትመለስም?» አለኝ። እኔም የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

ሊዲ አሁን እየተሻላት ነው። እኛ ግን ሕመምተኞች ነን፤ አንዳችን ስናገግም፣ አንዳችን ደክመን ስንቀር፣ ጥያቄው ከእኛ ጋር ይሄዳል። ሥራው ባለቤት ያስፈልገዋል። ላንጋኖ ለሚመጣ እንግዳ «ደህና ሰነበቱ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያም እንግዳ «ደህና» ሲል እውነቱን ነው።

በርጩማሽን ከጥጉ አውጥቼ ከወንበሬ አጠገብ አድርጌያታለሁ። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥባት ቦርሳዬን አኖርባታለሁ። ፈውዚያ «ለሙሽራ ቦታ የያዙ ይመስላሉ» ትለኛለች። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ቦርሳዬን የማነሣው አንቺ ስትመጪ ነው።

ስትመጪም የምነግርሽ ታሪክ ይኖረኛል። «እርስዎ ሲዘጋጁ» ብለሽኝ ነበር፤ ተዘጋጅቻለሁ። ነገ ሁሩታ እሄዳለሁ። መንገዱን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ፤ መግቢያውን እኔ አርሜዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ሰኞ እነግርሻለሁ፤ አንቺም ትደግሚልኛለሽ።

ነገ አስቀድሜ የማደርገው ይህ ነው። በማለዳ አልነሣም፤ ፀሐይዋ እስክትሞቅ እጠብቃለሁ። ነጠላ አልለብስም፤ ያንን አበባ ያለበትን ሰማያዊ ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ሻሼንም ከእሱ ጋር የሚስማማ አደርጋለሁ። ለአረጋሽ ደውዬ «ለምሳ እመጣለሁ፣ ደህና አድርገሽ ሥሪ» እላታለሁ፤ መርዶ የያዘ ሰው ምሳ አያዝምና። መናኸሪያ ስደርስ ሙዝ እገዛለሁ። ማንንም አላስከትልም። ከዚያ በሯን አንኳኩቼ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ ሻሼንም ሳልፈታ፣ «አረጋሽ፣ ማንም አልሞተም፤ እኔም አልሞትኩም። አሁን ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ልንገርሽ» እላታለሁ።

አክባሪሽ፣
ወለተሥላሴ
አዳማ