አባባ ሞላ የሌሉበት ፊልም

ማክሰኞ

ሳሉ ጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት እሱን ልጻፍ። ማንደፍሮ ፊት የፊልሙን ጉድለት ብቻ ስዘረዝር ቆይቼ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ላይ የቀረው ሳሉ ነው።

ማንደፍሮ ፊልሙን ጨረሰ። ንፋስ መውጫ ውስጥ ሰርግና ክርስትና ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣ በዚያችው የሰርግ ካሜራ አስፈሪ ፊልም ሠራ። "የማን ሳል" ብሎታል። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትኖራለች። ከጓዳ ሳል ይሰማታል፤ የባሏ ሳል። ጓዳውን ከፍታ አታይ፣ ቤቱን ለቃ አትሄድ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ቤት፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ሳል። የሳለው ራሱ ማንደፍሮ ነው፤ ጭንቅላቱን የጠላ ጋን ውስጥ ከትቶ።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ስቱዲዮው ሄጄ አየሁት። "የአማርኛ አስተማሪ ነሽ፤ የድራማ ክበቡንም የምትመሪው አንቺ ነሽ። ሳትራሪ ንገሪኝ" አለኝ። አልራራሁም።

ደህናው፦ ሳሉ። ጓዳው አንዴም አለመከፈቱ። እትዬ አገሬ። ገበያ ላይ ቦንዳ ልብስ ስትሸጥ ድምጿ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ ሴት፣ እንዲህ ዝም ማለት እንደምትችል ማን ያውቃል? ሳሉ ሲመጣ አትደነግጥም። ወጡን ማማሰሏን ታቆምና ትጠብቃለች። የሚደገም ከሆነ ለመስማት። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው፤ እየናፈቀችው መሆኑ።

መጥፎው፦ ሙዚቃው፤ ገና ምንም ሳይሆን ይጮሃል። መንፈስ ሆኖ ዱቄት ተቀብቶ በመስኮት የሚያልፈው ሰው፤ የማንደፍሮ የአክስት ልጅ ነው፣ ሰው ይስቅበታል። መብራቱ፤ በአንድ ምሽት ውስጥ ፀሐይ ሁለቴ ትጠልቃለች። ከሁሉ የባሰው ግን የሽማግሌው ትዕይንት።

ሽማግሌው የማንደፍሮ አባት ናቸው፣ አባባ ሞላ። ከትውልድ አገሩ ከወገዳ ድረስ መጥተው ነው የተቀረጹት። ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት ሆነው ይቀመጡና ይናገራሉ። ይናገራሉ። ሳሉ ምን እንደሆነ፣ ሴትዮዋን ምን እንደነካት፣ ሁሉን ያፈርጡታል። እስከዚያ ያስፈራን ነገር እዚያ ላይ ያልቃል። ደግሞ ካሜራውን ያያሉ፤ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። ጭራሽ እትዬ አገሬን "በቃህ ልጄ፣ ውጣ" ይሏታል። ሴትዮዋን! "ይኼ እንዴት ሳይታረም አለፈ?" አልኩት።

ማንደፍሮ አልተከራከረኝም። እኔ ቢያንስ ለአባቱ ሲል ይሟገታል ብዬ ነበር።

"ልቁረጠው?" አለ።

"ቁረጠው።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን" አልኩት።

ረቡዕ

ቆረጠው። ዛሬ ደግሜ አየሁት፤ ሌላ ፊልም ሆኗል። ሙዚቃው የለም። ባለዱቄቱ የለም። ሽማግሌው የሉም። ሴትዮዋና ሳሉ ብቻ ቀሩ። መጨረሻ ላይ በርጩማዋን ወደ ጓዳው በር አስጠግታ ስትቀመጥ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የኔ እጅ አለበት ብዬ ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮራሁ።

ፊልሙ ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቱ ለሕክምና ከወገዳ መጥተው እሱ ቤት ከረሙ። ሲስሉ ከመንገድ ይሰማ ነበር። አምና እዚያው ጓዳ ውስጥ አረፉ። የተቀረጸውም በዚያው ቤት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ማንደፍሮ ወገዳን ረግጧት አያውቅም። ተዝካሩ ላይ እንኳ አልተገኘም፤ ብዙ ሰው አምቶታል። እኔ ግን ፊልሙን ከጀመረ ወዲህ ፊቱ ስለተመለሰ፣ ሥራው መድኃኒት ሆነለት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልወጣ ስል "ለአባባ ነግረሃቸዋል?" አልኩት።

"አይመጡም። የገብስ ውቂያ ላይ ናቸው።"

ቀለለኝ። ለምን እንደቀለለኝ አላሰብኩበትም።

ዓርብ

ፊልሙ የሚታይበትን አዳራሽ ስናሰናዳ ዋልን። መስኮቶቹን በብርድ ልብስና በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንን፤ ፊልሙ የሚታየው ነገ ከገበያ መልስ ነው፣ ሰው ወደ ቤቱ ሳይበተን። ጭንቀቶቼ፦ መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፤ ሳሉን ይውጠዋል። ከትምህርት ቤት የተዋስኩት ፕሮጀክተር ሲሞቅ ይጠፋል። ተማሪዎቼ ያፏጫሉ።

ያልተጨነቅሁበት መጣ። አባባ ሞላ ደወሉ። መንገዱ ሰሞኑን ክፍት ነው፣ አይሱዙ አግኝተዋል፣ ነገ ይመጣሉ። ብቻቸውን አይደለም፤ ጎረቤታቸውንና እህታቸውን ይዘው። ማንደፍሮ ስልኩን ዘግቶ ብርድ ልብሱ ላይ ሚስማር መምታቱን ቀጠለ።

"ዛሬውኑ ደውለህ ንገራቸው" አልኩት።

"አንቺ ንገሪያቸው። ቁረጠው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሳቅን። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። "ነገ ሲመጡ ቀስ ብለን እናስረዳቸዋለን" ተባባልን። ትዕይንቱን ለነገ ብቻ መልሰን እናስገባው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አላወጣሁትም። ፊልሙ ያምር ነበራ።

ቅዳሜ

ልጻፈው።

አዳራሹ ሞላ። ቆመው ያዩ አሉ። መብራቱ ሄደ፣ ጄኔሬተሩን ከግቢ ውጭ አስቀመጥነው፣ ፕሮጀክተሩ አልጠፋም። የመጀመሪያው ሳል ሲሰማ አንድ ሰውዬ ከኋላ የእውነት ሳለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አበቃልን አልኩ። ሁለተኛው ሳል ሲመጣ ግን የሳቀ የለም። ሦስተኛው ላይ አጠገቤ ያለችው ሴት "በስመ አብ" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እትዬ አገሬ በርጩማዋን ስታስጠጋ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ በላይ ምን እንመኛለን?

አባባ ሞላ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። አይሱዙው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይተው ደረሱና ቀስ ብለን የምናስረዳበት ጊዜ አልነበረም። ወይም ነበረ፤ አላደረግነውም። ፊልሙ ሲሄድ እኔ የማየው የሳቸውን ጀርባ ነው። ሴትዮዋ ወደ ውጭው በር ዞር ባለች ቁጥር ቀና ይላሉ። አሁን ልገባ ነው ብለው። ይጠብቃሉ።

አለቀ። ጭብጨባ። የተዋንያን ስም መውጣት ጀመረ፤ ማንደፍሮ የአባቱን ስም ከዚያ ላይ ማውጣቱን ረስቶታል። ጎረቤታቸው ጮክ ብሎ አነበበ፤ "ሞላ ይላል! ስምህ አለ እኮ!" ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

አባባ ሞላ ወደ ማንደፍሮ ዞሩ። "እኔ የቱ ጋ ነኝ?" አሉት። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። አምልጧቸው እንደሆነ ነው የጠየቁት።

"ፊልሙ ረዝሞ ነው አባባ። ሰዓት አልበቃ አለና…"

"እሺ" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "እኔ ነኝ ቁረጠው ያልኩት" ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሰው መጥቶ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን፤ ዞሬ "አመሰግናለሁ" አልኩ። ስመለስ ጋቢያቸውን እያጣፉ ወደ በሩ እየሄዱ ነበር።

እሑድ

ሌሊቱን ዘመድ ቤት አድረው በማለዳው መኪና ሄዱ። ማንደፍሮ ቤት አልገቡም።

ከቅዳሴ መልስ ስቱዲዮው ሄድኩ። "መልሰው። ትዕይንቱን አስገባና ለብቻቸው እናሳያቸው" አልኩት። ማንደፍሮ ወንበሩ ላይ እንደተደፋ "የለም" አለ። ዲስኩ ሞልቶበት ሐሙስ ዕለት ሰርግ ሊጭንበት አጥፍቶታል። ጥሬውንም፣ የተቀናበረውንም። ካሜራው ውስጥ ያለውን ካርድ ፈለግን። መሳቢያዎቹን ገለበጥን። ደብረ ታቦር ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልን፤ በላዩ ሌላ ከተጫነበት ተስፋ የለውም አለ።

ለአባቱ ደጋግሞ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም።

ማክሰኞ

ከተማው ስለ ፊልሙ ነው የሚያወራው። ተማሪዎቼ ኮሪደር ላይ እየሳሉ ይፈራራሉ። ርዕሰ መምህሩ ጨበጡኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ ወሬ እቀይራለሁ። ስቱዲዮው ሁለት ቀን አልተከፈተም።

ከሰዓት እትዬ አገሬን ገበያ አገኘኋት። ሹራብ እያጣጠፈች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ሰውዬውን አዋረዳችኋቸው" አለችኝ።

ትዕይንቱ ፊልሙን ያበላሽ እንደነበር ላስረዳት ሞከርኩ። ንግግሩ መርዘሙን። ካሜራውን ማየታቸውን።

"እኔን አንዴም አላዩኝም" አለች። "ጉልበታችን ሊነካካ ነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን። አንዴ አላዩኝም። ለእኔ አልነበረም የሚያወሩት።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። አስተማሪዋ አንቺ። ሄደሽ ጠይቂያቸዋ።"

ቅዳሜ፣ ወገዳ

ሄጄ ጠየቅሁ።

ሚኒባሱ አቧራ በአቧራ አድርጎ አደረሰኝ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ይላል። አባባ ሞላ አውድማ ላይ ነበሩ፤ በሬዎቹ ገብሱ ላይ ይዞራሉ፣ እሳቸው በመንሽ ያገላብጣሉ። ሲያዩኝ ሥራውን ለጎረቤታቸው ትተው መጡ። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ጠላና የባቄላ ንፍሮ አስመጡልኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። ስለ ፊልሙ ምንም።

አላስችል አለኝ። "አባባ፣ እርስዎ ያሉበትን እንዲቆርጥ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አጥፍቼ ነው?" አሉ።

"አላጠፉም። ካሜራውን እያዩ ነው የተናገሩት። ተዋናይ ካሜራውን ካየ የሚያየው ሰው…"

"ካሜራውን ምን ብዬ አየዋለሁ?" አሉ። "ልጄን ነው ያየሁ። ከኋላው ቆሞ የለም እንዴ?"

ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ።

"ስደውልለት ሥራ አለብኝ ይላል" አሉ። "ቤቱ ብሄድ ስቱዲዮ ያድራል። እናቱን ካነሣሁ ተነሥቶ ይወጣል። ያን ዕለት ግን ካሜራውን ጥሎ የት ይሄዳል? መስማቱ ነው። በሉ ብሎ የሰጠኝን ቃል ትቼ የራሴን ተናገርሁ። የሄደ ሄዷል አልሁት፤ እናቱን ማለቴ ነው። አንተ አልገደልህም፤ ከሐኪም ሐኪም ይዘህ የዞርህ አንተ ነህ አልሁት። በቃህ ልጄ፣ ከዚያ ቤት ውጣ አልሁት።"

በቃህ። ውጣ። እኔ የሰዋስው ስህተት ብዬ ያሰመርኩበት።

"ባለፈው ቅዳሜ የመጣሁ እሱን ልይ ብዬ ነው" አሉ። "ፊልሙ ላይ ካስቀረው ሰምቶኛል ማለት ነው ብዬ።"

ምን እላለሁ? ይቅርታ አልኩ። አንዴ አይደለም። ከዚያ የማይባል ነገር አልኩ፤ እንደገና እንቅረጽዎት፣ የፈለጉትን ያህል ይናገሩ፣ አንዲት ቃል አንቆርጥም አልኩ።

"አይ" አሉ። "ብዬዋለሁ እኮ።" ተነሥተው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። ሁሌ እንግዳ ሲሄድ እስከ መንገድ ይሸኛሉ፤ ማንደፍሮ ነግሮኛል። እኔን የሸኙኝ እህታቸው ናቸው።

አሁን አልጋ ከያዝኩበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ኔትወርኩ ሲመጣ ለማንደፍሮ ደወልኩና ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። አልደነገጠም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ገና ሲናገሩ ነው የገባኝ። ዓይኔን ከካሜራው ማንሣት አቃተኝ። አንቺ ቁረጠው ስትይኝ ደስ አለኝ። ምክንያት ሆንሽልኝ።"

ተናደድኩ። ከዚያ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ፊልሙ ሳልና ጓዳ ብቻ ሲቀር አማረ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ከቤቱ እንዳትወጣ፣ ውጣ የሚላት ሰው እንዳይኖር ያደረግነው ሁለታችን ነን። እንደ ፊልም ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ብጠየቅ ያንኑ እደግመዋለሁ፤ የሚከፋኝም እሱ ነው።

"ነገ ና" አልኩት። "ካሜራ እንዳትይዝ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"የጧቱ የወገዳ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" አለኝ።

እዚህ ተወልዶ በዚያ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ የሚነሣበትን ሰዓት ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ቢሆንም ነገርኩት።