በደጃችን የቆፈሩት ቦይ

ኅዳር 4

ከክሊኒክ የተመለስነው ረፋዱ ላይ ነው። ባለቤቴ ዛሬ ግራና ቀኝ የተተከሉትን ዘንጎች ይዛ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ባለፈው ዓመት ስትሮክ የመታው ቀኝ እግሯ እየተጎተተ ቢሆንም፣ የማንም እጅ ሳይደግፋት። የምታሠራት ባለሙያ፣ ያቺ ቁጡ ልጅ፣ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች። በዚሁ ከቀጠሉ ለከዘራ ይደርሳሉ፣ ካቋረጡ ግን ጉልበቱ ይደርቃል፣ ያኔ እኔን እንዳይወቅሱ አለቻት። ባለቤቴም ከታመመች ወዲህ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች በምታወጣው አነጋገሯ "አንቺን... ማን... ይደፍራል" ብላ አሳቀችን።

ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ውሃ ክፍል ሠራተኞች መጥተው የመንገዱን ዳር መቆፈር ጀመሩ። አሮጌውን ቧንቧ ሊለውጡ ነው። ይበል። ቧንቧው እኔንም በዕድሜ ይበልጠኛል።

ኅዳር 7

ቦዩ ከደጃችን ደረሰ። ጥልቀቱ ደረቴ ድረስ ነው፤ ስፋቱ ጎረምሳ የሚዘለው፣ እኛ ግን ቆመን የምንመለከተው። የቆፋሪዎቹን አለቃ መቼ ይደፈናል ብዬ ብጠይቀው "እኛ ቆፋሪዎች ነን አባቴ፤ ደፋኞቹ ሌላ ናቸው" አለኝ። ለካ ጉድጓድ መክፈትና መዝጋት ሁለት የተለያየ ሙያ ኖሯል። አላወቅሁም ነበር... በስተርጅና መማር ይሏል ይህ ነው።

ማምሻውን አካፋቸውን ጭነው ሄዱ።

ኅዳር 11

ዛሬ የክሊኒክ ቀን ነበር። ግድግዳ ከሚለየን ጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ጋር ሆነን ተሸክመን ልናሻግራት ሞከርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የቦዩ ጠርዝ ከእግሩ ሥር ተንዶ ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተቀመጥን። እግዚአብሔር ነው ያወጣን እንጂ ወደ ውስጥ ብንወድቅ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ አይኖርም። ልብስ ሰፊው ሱሪውን እያራገፈ፣ የራሴው ስፌት ስለሆነ አልተቀደደም ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ጆንያ... አይደለሁም" አለች። ከዚህ በኋላ አልሸከምም ማለቷ ነው። አውቃታለሁ፤ ካለች አለች።

ክሊኒኩ ቀረ።

ኅዳር 14

ማመልከቻዬን አዘጋጅቼ፣ ልብስ ሰፊው እጄን ስቦ ቦዩን አሻግሮኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። የአገልግሎት ኃላፊውን የከተማው ሰው "አቶ ነገ" ብሎ ይጠራዋል፤ የራሱ ጸሐፊ እንኳ ከጀርባው እንዲያ ስትለው ሰምቻለሁ። ወፍራም ምንጣፍ፣ የማይከፈት መስኮት፣ የፕላስቲክ አበባ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

የነገረኝን እንደ ወረደ ላስፍረው፤ ቆይቼ ሳነበው እኔው የፈጠርሁት እንዳይመስለኝ። ቦዩን የሚቆፍር ውሃ ክፍል ነው፤ የሚደፍን መንገድ ክፍል። መንገድ ክፍል፣ ቧንቧው በውሃ ግፊት ተፈትኖ ደኅና ነው ካልተባለ አንዲት አካፋ አፈር አይመልስም። ውሃ ክፍል ደግሞ፣ አፈር ያልተጫነው ቧንቧ ግፊት ቢለቀቅበት ከመጋጠሚያው ይፈናቀላልና አስቀድሞ ይደፈንልኝ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው መመሪያ አላቸው፤ ሁለቱም በመመሪያቸው መሠረት ልክ ናቸው። የሁለቱ ክፍሎች በሮች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ይተያያሉ።

"ታዲያ ማን ይፍታው?" አልሁት።

"በሂደት ላይ ነው። ነገ ብቅ ይበሉ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ቋንቋ ሳስተምር፣ ቃል የሰውን ችግር የሚያቀል እንጂ የሚሸፍን እንዳይሆን፣ ጀማሪ ከሆነው ሕፃን አንሥቶ መምህር ሊሆን እስከ ተዘጋጀው ጎልማሳ ድረስ ሳሳስብ የኖርሁ ሰው፣ በእርጅናዬ ዘመን "ሂደት" የምትባል አንዲት ቃል ከቤቴ ደጃፍ እንደ ዘበኛ ቆማ ባለቤቴን አላስወጣ ስትል ማየቴ... ተወው።

ኅዳር 15

የክሊኒኳ ልጅ ደወለች። ለምን ቀራችሁ አለች። ምን ልበላት?

ኅዳር 19

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ያወጣውን አሮጌ መቁረጫ ጠረጴዛ ፈታነው። ሳንቃው ወፍራም ነው፤ የዱሮ እንጨት። ከሥሩ ሁለት አግዳሚ መትቶ፣ ከላዩ እንዳያንሸራትት የጎማ ቁራጭ አለበሰው። እኔ ሚስማር ከማቀበል በቀር ምንም አልሠራሁም፤ ቢሆንም በመሐንዲስ ኩራት ቆሜበት ዘለልሁ። "ኧረ መምህር፣ ድልድዩን ሳይሆን ወገብዎን ነው የምፈራው" አለኝ።

ነገ እንሄዳለን። ባለቤቴ ሹራቧን ከአሁኑ አውጥታ አልጋው ራስጌ አድርጋለች።

ኅዳር 20

ወሰዱት።

ገና በማለዳ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ነው ብለው ሳንቃውን አንሥተው በጋሪ ጫኑት። ጎረምሶቹ የተናገሩት በትሕትና ነው፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያንገበግባል፤ የሚሰደብ ሰው እንኳ አልሰጡኝም። ጉድጓዱስ ፈቃድ አለው ወይ አልኋቸው። ተያዩ። "ጉድጓዱማ አለው" አለ ታናሹ።

ፈቃድ ያለው ጉድጓድ! ሰው የሚሰበርበት ሕጋዊ፣ ሰው የሚሻገርበት ሕገ ወጥ። አንድ ከተማ፣ ነዋሪው ከቤቱ የሚወጣበትን መንገድ ቆርጦ ሲያበቃ፣ ነዋሪው በገዛ ሳንቃውና በጎረቤቱ ሚስማር የሠራትን መሻገሪያ ለማንሣት ግን ጀንበር ወጥታ ሳትሞቅ ሰውና ጋሪ አደራጅቶ የሚልክ ከሆነ፣ ታዲያ አቅም አነሰን፣ ሠራተኛ ጎደለን፣ ተሽከርካሪ የለንም ሲሉን የኖሩት ምኑን ነው? ለማፍረስ ሲሆን ማን አቅም ሰጣቸው?

ባለቤቴ ሹራቧን ለብሳ በተሽከርካሪ ወንበሯ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። አውልቂው ማለት አልቻልሁም። እስከ ቀትር ለብሳው ቆየች።

ኅዳር 27

ጉልበቷ ዛሬ ከአልጋ ስትነሣ አልታጠፈም። ቤት ውስጥ እንደ ተነገረን አድርጌ ላሠራት እሞክራለሁ፤ የእኔ እጅ ግን የልጅቷ እጅ አይደለም። ቃሎቿም ያነሱ ይመስለኛል... ወይስ ለእኔ ነው? ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጣ የሰውን ንግግር ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት።

ሁለተኛ ማመልከቻ አስገባሁ። ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ እንደ ልጅ ይቁጠሩኝና... ኃላፊው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያውን ይረሱታል። ቢያሳጥሩትስ?" አለችኝ።

በመንገዴ ሁሉ ተናደድሁ። ቤት ገብቼ ግን ደግሜ አነበብሁት። የባለቤቴ እግር የተጠቀሰው በአራተኛው ገጽ ነው።

ታኅሣሥ 3

ተአምር። መንገዳችን ተጠረገ። የመብራት ምሰሶዎቹ ሥራቸው ኖራ ተቀባ። ከንቲባው ነገ አዲሶቹን የመንገድ መብራቶች ሊመርቁ ይመጣሉ፤ መኪናቸው የሚቆመው ከእኛ ደጅ ትይዩ በመሆኑ፣ ወደ ድንኳኑ የሚሻገሩበት ወፍራም የብረት ላሜራ በቦዩ ላይ ተዘረጋ። ስድስት ሰው ተሸክሞ አመጣው። ግፊት አልተፈተነም፣ አፈር አልተመለሰም፣ ሁለቱ ክፍሎችም አልተስማሙ፤ ከንቲባው ግን ይሻገራሉ። የእሳቸው ጉልበት መቼም አይደርቅም።

ነገ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ። ሦስተኛውን ማመልከቻ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። በአንድ ገጽ!

ታኅሣሥ 4

ያልጠበቅሁት ሁሉ የሆነበት ቀን ነው፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከንቲባው ተሻገሩ፣ ተናገሩ፣ ተጨበጨበ። በጠራራ ፀሐይ መብራት በራ። ወረቀቴን ይዤ ጠጋ ስል አቶ ነገ ክርኔን በፍቅር ያዝ አድርጎ፣ "ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ" አለኝ። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ መኪናዎቹ ሄዱ። አቧራው ቀረ።

ተናድጄ ቤት ገባሁና አራተኛውን ልጀምር ተቀመጥሁ። በዚህ መሐል የመንገድ ክፍሉ ፎርማን ላሜራውን ሊያነሣ መኪናና ሰው ይዞ መጥቷል። እኔ አልሰማሁም። ባለቤቴ ሰምታለች። ልብስ ሰፊውን ጠርታ እንዲገፋት አዘዘችው፤ ወንበሯን እላሜራው መካከል አስቆማ ፍሬኑን ያዘች። ጫጫታ ሰምቼ ስወጣ ሰባት ወንድ ከቧታል። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ፎርማኑ ደልደል ያለ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ሰው ነው። "እናቴ፣ ብረቱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ይነሡልኝ" አላት።

"እግር... የለኝም" አለችው። "እግሬን... እናንተ... ወሰዳችሁት።"

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ፎርማኑ ሲዞርበት ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ከኋላዋ ሆኖ፣ ከነወንበሯ አንሡዋታ፣ ስድስት ናችሁ፣ ለእናንተ ምን አላት፣ ይላቸዋል። ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔስ? ማመልከቻዬን እንደ ያዝሁ ቆሜያለሁ። በቃል ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ዓይኗን ብቻ ወደ እኔ መለሰች። ዘጋሁት።

ፎርማኑ መኪናው ላይ ተደግፎ ብዙ አሰበ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለና፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ "አዎ ጌታዬ... ተነሥቷል... አዎ፣ ጨርሰናል" አለ። ስልኩን ዘጋው። ለሠራተኞቹ ጫኑ አላቸው፤ የሚጫን አልነበረም፣ ወጡና ተቀመጡ። ሲሄድ "እናቴ፣ እዚህ ላይ ብዙ አይቀመጡ፣ ፀሐይ ነው" አላት።

ታኅሣሥ 6

የከተማው ሬዲዮ ተናገረ። በመንገዳችን የተጀመረው የቧንቧ ቅየራ ተጠናቆ፣ ቦዩም ተደፍኖ ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል። የአገልግሎት ኃላፊው ነዋሪው ላሳየው ትዕግሥት አመሰገኑ።

ትዕግሥት! ዘልዬ ተነሣሁ። ያልተደፈነን ተደፈነ፣ ያልተነሣን ተነሣ ብሎ፣ በዚህም ላይ የምስጋና ቃል እንደ ስኳር ነስንሶ ለከተማ ሁሉ ማብላት... ይህ ዝም ቢባል የእኔ ዕድሜ ምን ሊረባ ነው? እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ለከንቲባው፣ ግልባጭ ለሬዲዮ ጣቢያው፣ ግልባጭ ለሁለቱም ክፍሎች።

"ምን... ልትጽፍ ነው?" አለች ከአልጋዋ።

"እውነቱን ነዋ።"

ቃሉን እየፈለገች መሆኗን አይቼ ጠበቅኋት።

"እውነቱ... ብረቱን... ይወስደዋል።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ብጽፍ ውሸቱን ያርማሉ፤ የሚያርሙት ግን ቦዩን በመድፈን አይደለም። ቦዩን ሳይደፍኑ ወር የፈጁት ሰዎች አይደሉም ወይ የጎረቤቴን ሳንቃ በአንድ ማለዳ ያነሡት? ዝም ብል ደግሞ ከእነሱ ጋር ዋሽቻለሁ። እኔ? እኔ ነኝ ይህን የማደርገው?

ልብስ ሰፊው ማታ ብቅ ሲል ነገርሁት። "መምህር፣ እኔ እዚህ ሰፈር የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ በእናንተ በር ዞረው ነው የሚሻገሩት" አለኝ። እውነት ነው። ሲመላለሱ ዋሉ። ነፍሰ ጡሯ የጥግ ቤት ልጅ፣ ውሃ የጫነ ባለጋሪ...

ታኅሣሥ 8

ክሊኒክ ሄድን። ልጅቷ ስታየን መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ዳሰሰችና ቁጣዋን ተወች፤ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ያገኘነውን አብዛኛውን አጥተናል። ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሁሉም ላይመለስ ይችላል፣ አለች። ልጅቷ ጉልበቷን ልታጥፍላት ስትሞክር ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ የእኔን እጅ ጨመቀች። ጣቶቼ አሁንም ያማቸዋል፤ ለዚህ ነው ጽሕፈቴ የተበላሸው።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ቦዩ ውሃ ሞልቶ አፈሩ ከግራም ከቀኝም እየተናደ ይገባል። ላሜራው ላይ ስንደርስ አቁመኝ አለች። አቆምሁ። የወንበሯን ክንድ ይዛ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፋ፣ ቆመች። በማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ በሌለ ብረት ላይ፣ በተደፈነ ቦይ አናት፣ ውሃው ከሥራችን እየጮኸ፣ ሁለታችን ቆምን። አልተራመደችም። መቆሙን ብቻ ነው የፈለገችው።

የጀመርሁት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አለ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ አንድም የሚነቀፍ ዐረፍተ ነገር የለውም። አልቀደድሁትም። አልላክሁትም። ንዴቴም አልበረደም፤ አሁን ግን ከእነሱ ጋር እኔም አለሁበት።

ከነገ ወዲያ ደግሞ ክሊኒክ ነው።